የሚስተር ሻርማ የመብራት በዓል

ነቀምት፣ ረቡዕ ጥቅምት 21 ቀን 1960 ዓ.ም.

ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም። የትምህርት ቤታችን ሕንዳዊ የሒሳብ አስተማሪ ሚስተር ሻርማ የአገሩን የመብራት በዓል፣ ዲዋሊን፣ ቤቱ እንድናከብር ስድስት መምህራንን ጠርቶን ነበር። ሁላችንም እሺ አልን። የሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ከተጠሩት አንዱን፣ ኦቦ ገመቹን፣ መንገድ ላይ አግኝቼ "አይመጡም እንዴ?" ብላቸው "የጣዖት ድግስ አልበላም" አሉኝ።

"እናትዎ ሲሞቱ ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ አብሮዎት የተቀመጠው ማን ነበር?"

"ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ" ብለው አለፉኝ።

ስደርስ ከበሩ እስከ አጥሩ ትንንሽ የሸክላ መብራት በርቷል። ልጆቹ አዲስ ልብስ ለብሰዋል። ሚስትየው "ሌሎቹስ?" አለችኝ። ምን ልበላት? "አሟቸው ነው" አልኩ።

"አምስቱንም?" ብላ ባሏን አየችው። እሱ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ጓዳ ገብታ ጣፋጩን በአምስት ወረቀት ጠቅልላ አመጣችና "ለበሽተኞቹ አድርሺልኝ፤ እግዚአብሔር ይማራቸው" አለችኝ።

ነገ ጥቅሉን አንድ በአንድ ፊታቸው አስቀምጬ ያለችውን እነግራቸዋለሁ። ከራሴ ምንም አልጨምርም። ከጨመርኩ እሰድባቸዋለሁ።