አንድ መንጠቆ ባዶ ነው፦ የእትዬ ቁሙ የሕይወት ታሪክ

እህታችን ከቁልፍ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የካቲት 11 ቀን 1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤታቸው ፊቱ ሱቅ፣ ጓዳው መኝታ ነበር። ገና በልጅነታቸው የተበላሸ ቁልፍ ፈትተው መልሰው ሲገጥሙ አንዲት ብሎን ከተረፈች እህል አይቀምሱም ነበር።

አባታቸው ሲያርፉ ከሁለቱ ልጆች አንዱ ሱቁን መያዝ ነበረበት። ታናሽ ወንድማቸው ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ ያዘው። ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። እሳቸው የጠፈር ምህንድስና ገቡ። ዛሬ ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንዳንድ ዘመዶች ያኔ፣ “ሰማይ ወጥታ ምን ልታወርድ ነው?” ብለው ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ሳሉ፣ አንዱን መንፈቅ እየተማሩ ሌላውን ከሚሠሩ ተማሪዎች ጋር የጠፈር ምርምር ተቋሙ ተቀበላቸው። ሥራው ለሰመረለት ተማሪ ቋሚ ቅጥር አለ፤ ላልሰመረለት ደኅና ሰንብት ነው። መጀመሪያ ሳተላይት የሚገጣጠምበትን አዳራሽ ሲያዩ ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ። ሰው ሁሉ ከራሱ እስከ ጫማው ነጭ ለብሷል፤ መሐል ላይ ሳተላይቱ በወርቃማ መጠቅለያ ተጀቡኖ ቆሟል።

“እማዬ፣ እዚያ ሰው የሚያስነጥሰው አስፈቅዶ ነው” አሉ ቤት ሲመጡ።

“እኔማ በዚህ ጉንፋኔ ከበር ይመልሱኝ ነበር” ብለው እናታቸው ሳቁ።

የሳተላይቱ ዓይን የሆነው ካሜራ በምድር ሳለ አቧራ እንዳይነካው በቀይ ክዳን ይሸፈናል፤ ሌላውም ስስ ክፍል እንዲሁ። ሳተላይቱ ሮኬቱ አናት ውስጥ ከመዘጋቱ በፊት ተማሪዎቹ ክዳኖቹን አንሥተው እያንዳንዱን በየመንጠቆው ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። በተዘጋ ማግስት እህታችን በዚያ ሲያልፉ የዓይኑ ክዳን መንጠቆ ባዶ ነው። ሮጠው ለአለቃው ነገሩ።

“ልጄ፣ መልሶ መክፈት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? የመተኮሻው ቀን ያልፈናል።”

“አውቃለሁ ጋሼ። ግን ዓይኑ እንደ ታሰረ ከወጣ፣ እዚያ ማን ይፈታለታል?”

አለቃው መነጽራቸውን አወለቁና፣ “ክፈቱት” አሉ።

ተከፈተ። ዓይኑ ላይ ምንም የለም! ክዳኑ የተገኘው ከአንድ ተማሪ ኪስ ውስጥ ነው፤ ለማስታወሻ ብሎ ወስዶት፣ ነገሩ ሲከር በፍርሃት አፉ ተሳስሮ ኖሯል። እህታችን ጓዛቸውን ጠቀለሉ። አለቃው በር ላይ አገኟቸው።

“ወዴት ነው?”

“ወደ ቤቴ። በከንቱ አስከፈትኳችሁ።”

“ከንቱ መሆኑን ዛሬ አወቅን እንጂ ትናንት ማን ያውቅ ነበር? ተመለሽ፣ ነጩን ልበሽ።”

ሳተላይቱ ዘግይቶ ተተኮሰ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ቤተሰብ ሲተኮስ የሚያይበት ሁለት የመግቢያ ወረቀት ተሰጠ፤ እሳቸው እናታቸውንና አጎታቸውን ይዘው ሄዱ። ወንድምየው ሱቅ ጠበቀ። ማለዳ ላይ የመተኮሻው ሰዓት ሲደርስ የብረት ብናኝ የለበሰ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ወጣ። አንድ እሳት ደመናውን ሰንጥቆ ይወጣል፤ ድምፁ ዘግይቶ ደረቱ ውስጥ ገባ። ቂም የያዘ ሰው እንኳ አፉን ከፍቶ የሚያየው ነገር አለ።

እህታችን ከዚያ በቋሚነት ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው የተማሪዎቹ ኃላፊ ሆኑ። ትናንት የገባ ተማሪም ቢሆን ከተጠራጠረ “ቁሙ!” እንዲል ደንብ ስላወጡ፣ ስማቸው “እትዬ ቁሙ” ሆኖ ቀረ። ያን ባለ ኪስ ተማሪም አገቡት። ጓደኞቻቸው “ፈትሻ አገባችው” ይሏቸው ነበር። ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

በመጨረሻ የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ሲያውላቸው ወንድማቸውን አስጠሩ።

“ዞሬ ዞሬ ሳየው አንድ መንጠቆ ባዶ ነው። ያን ቀን መግቢያው ያንተ ነበር። ሱቁን የያዝክልኝ አንተ ነህ።”

“አሁን ነው የሚታይሽ?”

“አሁን ነው። ከመዘጋቴ በፊት ክዳኑ ይነሣልኝ።”

ወንበሩን ወደ አልጋው ሳብ አደረገ። ከዚያ እጃቸውን ይዞ፣ “ተነሥቷል፣ እታለም” አላቸው።

ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውንና ዛሬ ይህን ግቢ የሞሉትን ተማሪዎቻቸውን ትተው አረፉ። አምላክ ነፍሳቸውን ተቀብሎ፣ ክዳን የማይጋርደውን ብርሃን ያሳያቸው።