የማሪጎልድ አናጺ፦ የአቶ መርዕድ አንበርብር የሕይወት ታሪክ

አቶ መርዕድ አንበርብር ከአባታቸው ከአቶ አንበርብር ደስታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጣሽ ሀብቴ በ1944 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ገንደ ቆሬ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የምድር ባቡር አናጺ ስለነበሩ ከፊደል እኩል መጋዝና መላጊያ እየለመዱ አደጉ። እስከ አሥረኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1962 ዓ.ም. በባሕር ኃይል ተቀጥረው ምጽዋ ወረዱ፤ የእንጨት ጀልባ ጥገናንም እዚያው ተማሩ።

በ1970 ዓ.ም. ከባልደረባቸው ከአቶ እንግዳወርቅ ጋር በዓሣ አጥማጆች ጀልባ ተሳፍረው ወደ የመን ተሰደዱ። ስለዚያ ጉዞ ለረጅም ዘመን ትንፍሽ አላሉም። እ.ኤ.አ. በ1982 ለንደን ገብተው በአናጺነት ሠሩ። በ1986 ከወይዘሮ የሻረግ ጋር ትዳር መሥርተው ዝማሬን እና ሌዊን ወለዱ፤ ኑሯቸውም ስቶክዌል ነበር። የቤተ ክርስቲያናችንን መድረክ የሠሩት እርሳቸው ናቸው። ስብከት እየተሰማም ቢሆን የሚወዛወዝ አግዳሚ ካዩ ጎንበስ ብለው ያጠብቁ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ።

ጡረታ እንደወጡ እ.ኤ.አ. በ2018 በቴምዝ ወንዝ ዳር ያለ አንድ የጀልባ መጠገኛ አስጠራቸው። ሥራው ማሪጎልድ የምትባል አሮጌ የእንጨት የሞተር ጀልባ ማደስ ነበር። የባለቤቷ የሚስስ ሃርት አባት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1940፣ ይህችን የመዝናኛ ጀልባ ፈረንሳይ ደንከርክ ድረስ ነድተው፣ በጠላት የተከበቡ የእንግሊዝ ወታደሮችን ጭነው ተመልሰዋል።

አቶ መርዕድ የፊተኛዋን ክፍል በር ከውጭ ተቸንክሮ፣ በላዩም ቀለም ተቀብቶ አገኙት። ምስማሩን ነቅለው ከፈቱት። ውስጡ ከባዶ አግዳሚዎች በቀር ምንም የለም። የበሰበሰውን ሳንቃ ለውጠው፣ ስንጥቁን ደፍነው ጀልባዋን ውኃ ላይ ሲያወርዷት ግን አፍንጫዋን ደፍታ ጠለቀች። ውኃው ሊያልፈው የማይገባ በጎኗ የተቀባ ቀይ መስመር ከነጭራሹ ተዋጠ። ወለሉን አንስተው ቼክ ቢያደርጉ ደረቅ ነው። መሣሪያቸውን ሁሉ ቢያወጡም ያው ነው። የፊተኛዋ ክፍል መስኮትም ከውስጥ በኩል በትንፋሽ ይደበዝዝ ጀመር።

አቶ መርዕድ ፓስተር ዓባይን ለምነው አመጧቸው። ፓስተሩ ሊጸልዩ ብቻቸውን ገቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ላብ አጥምቋቸው ወጡ።

“አቶ መርዕድ፣ ልቀመጥ ብዬ ቦታ አጣሁ” አሉ። ዳግመኛ ወደዚያ አልሄዱም።

ሚስስ ሃርት ይህን ሲሰሙ አልደነገጡም። ከደንከርክ ወደ እንግሊዝ ሲመለሱ በዚያች ክፍል የነበሩት ቁስለኞች ሁሉ መንገድ ላይ ማለቃቸውን ነገሯቸው። “አስከሬናቸው ራምስጌት ወደብ ላይ ወርዷል። አባቴ ግን ‘እነሱ አልወረዱም፤ ደረሳችሁ ያላቸው የለም’ ይል ነበር። በሩን የቸነከረውም እሱ ነው።”

አቶ መርዕድ ጀልባዋን ወደ ራምስጌት ሊወስዱ ተነሡ። ወይዘሮ የሻረግ፣ “በእግዚአብሔር፣ ይህን ነገር ተወው! ያንተ ሙታን አይደሉም” ብለው ተቆጡ። ያን ጊዜ ነው አቶ መርዕድ የቀይ ባሕሩን ጉዞ የተናገሩት። እንግዳወርቅ ትኩሳት ይዞት ጀልባዋ ጥግ ተኝቶ ነበር። “የየመን ዳርቻ ሲታየኝ ‘ደረስን፣ ተነስ’ ብዬ ብነካው በርዷል። አልሰማኝም፣ የሻረግ” አሏቸው። ወይዘሮ የሻረግ ካፖርታቸውን አንስተው ተከተሏቸው።

በ2019 ግንቦት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ራምስጌት ደረሱ። ከሁለቱ ጋር ልጃቸው ዝማሬ እና ጀልባዋን የነዱት ካፒቴን ነበሩ። አቶ መርዕድ ከጀልባዋ ወደ ወደቡ መውረጃውን ሳንቃ ዘረጉ፤ በሩን ከፍተው ቆባቸውን አወለቁ።

“ደርሰናል። አገራችሁ ነው። ውረዱ” አሉ በእንግሊዝኛ።

ለዓይን የታየ ነገር አልነበረም። ነፋስም አልነበረም። ሳንቃው ግን መሃሉ ላይ ይጎብጥ፣ ቀና ይል፣ ደግሞ ይጎብጥ ጀመር። ማሪጎልድም ቀስ በቀስ ከፍ አለች፤ ቀዩ መስመር ውኃ እያንጠባጠበ ብቅ አለ። ሳንቃው ጫፍ ላይ የቆሙት ወይዘሮ የሻረግ ዞር ብለው መንገድ ለቀቁ። “በሰላም ግቡ፣ ልጆቼ” ሲሉ ዝማሬ ሰምታለች።

በዚያው ዓመት አቶ መርዕድ ወደ ኢትዮጵያ ተጉዘው የእንግዳወርቅን እህት ጅማ ድረስ አፈላልገው አገኙ። ሽማግሌ ይዘው መርዶውን በወጉ አረዱ፤ አብረውም ልቅሶ ተቀመጡ።

አቶ መርዕድ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2025 በሰባ ሦስት ዓመታቸው ወደ ጌታ ሄዱ። ከባለቤታቸው ጋር ለሠላሳ ዘጠኝ ዓመታት በትዳር ኖረዋል፤ የሁለት ልጆች አባት፣ የአንዲት የልጅ ልጅ፣ የሶልያና፣ አያት ነበሩ። ነፍሳቸውን የጠራት አምላክ በስማቸው ጠርቶ ይቀበላቸው፤ ለቀረነውም መጽናናትን ያድለን።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ የሻረግ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው ቃሉን ሲያነቡላቸው አቶ መርዕድ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

“ጮክ በይ፣ የሻረግ” አሉ፤ “በር ላይ ላሉትም ይሰማቸው።”

በር ላይ ማንም አልነበረም። ወይዘሮ የሻረግ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።