ደህና የነበረው ሬዲዮ

ጥር 6

የእጅ መገናኛ ሬዲዮ ገዛሁ። ያገለገለ፣ ከሁሉም ርካሹን። ነጋዴው «ይሰማል፣ ግን አይናገርም» አለኝ። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና፣ «እንዲህ ያለ ባል ነበር የሚያስፈልገኝ» አለች። ለእኔም የሚበቃኝ መስማቱ ነው። የሬዲዮ ማኅበራችን ሰዎች በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በአየር ይጠራራሉ። ታናሽ ወንድሜም እዚያ አለ። ለባለቤቴ ግን ለጊዜ ማሳለፊያ ነው አልኳት።

ጥር 7

ወንድሜን ሰማሁት። ጉንፋን ይዞታል። ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም፣ ጉንፋኑ ግን ያው ነው።

ያጣላን ምን ሆነና... ሬዲዮ ነዋ። መንገድ ሲሄድ ያንን ውድ ሬዲዮውን አደራ ሰጠኝ። ትንሽ የሚያንሿሿ መስሎኝ ልጠግነው ፈታሁት። ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አላለም። ሲመለስ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ድሮም ብልሽት ነበረበት» አልኩት። «ጋሼ፣ ደህና ነበር» አለ። «ውሸታም ነህ ማለትህ ነው?» ብዬ ጮኽኩበት። ነበርኩ እኮ። የራሴንም ሬዲዮ ያኔውኑ በንዴት ሸጥኩት።

ጥር 11

ዛሬም ሲያስል ሰማሁ። ማር በሎሚ ጠጣ ልለው ቃጣኝ... በምን አፌ?

ሬዲዮውን ፈታሁት። የተበላሸው ሲናገሩ የሚጫኑት ቁልፍ ነው። ቀላል ነገር። የባለፈውም ቀላል ነበር።

ጥር 13

ብየዳው አምሮበታል። ሁለት ብሎን ተረፈኝ። ትርፍ አድርገው ነው መቼም የሚሠሩት። እግረ መንገዴን፣ ሰው ወሬ ሲያበዛ በራሱ የሚያቋርጠውን ነገር አጠፋሁት። እኔ መቼ ወሬ አበዛለሁ?

ጥር 14

ገጥሜ አበራሁት። ጭጭ። አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ፣ አንድም ሰው አይሰማም። ቀይ መብራት ብቻ በርታ ቀረች። ባትሪው ነው መሰለኝ።

ባለቤቴ፣ «ይኸኛውንም ገደልከው?» አለች።

ንዴቴ ጣሪያ ነካ። ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ሆዴ ውስጥ ያለውን ዘረገፍኩት። አዎ ገደልኩት፣ የእሱንም የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ደህና ነበር፣ ዋሸሁት አልኳት።

«ታዲያ ለምን አትነግረውም?»

«አፍራለሁ። በዚህ ዕድሜዬ... ናፍቆኛል እኮ። ይህን ቆርቆሮ የገዛሁት ድምፁን ልሰማ ነው።»

 አንዴ ከጀመርኩ ብዬ፣ ስለ ማኅበሩ ሊቀመንበርና ስለማያልቀው ንግግሩ የማስበውንም ጨመርኩበት። ቀለል አለኝ።

ጥር 15

ትናንት ማስታወሻዬን ጽፌ ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። ታናሼ። እያነጠሰ። ሰላም እንኳ ሳይለኝ ወደ ጠረጴዛው ሄደና የሬዲዮዬን ቁልፍ በጥፍሩ ፈልቅቆ ላቀቀው። ቀይዋ መብራት ጠፋች። ወዲያው የሊቀመንበሩ ድምፅ፣ «እፎይ፣ ለቀቀ» አለ።

«ቁልፍህ ተጣብቆ ነበር፣ ጋሼ። ስታወራ የቆየኸው ለሁላችንም ነው።»

«ሁሉንም ሰማችሁ?»

«ሊቀመንበሩም የራሱን ሰምቷል።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በዚህ ሁሉ የጥገና ዘመኔ በደንብ የሠራልኝ ይኸው ቁልፍ ብቻ ነው። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት፣ «ሰምቻለሁ አልኩህ እኮ» አለና ከኮቱ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ፊቴ አኖረ። ያ ውዱ ሬዲዮ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልጣለውም፣ በሌላ ሰውም አላሠራውም።

«አንተ ነህ የጀመርከው፣ ጨርሰው» አለኝ። እንባዬ መጣ፤ ጉንፋንህ ተጋባብኝ አልኩት።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ አብረን ነን። ባለቤቴ ማር በሎሚ አፍልታለት እየጠጣ ነው። እኔ እበይዳለሁ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል።