እብነ በረድ ያልኩ ለታ

ኅዳር 3
ሳቢያን ሰፈር ሄድኩ፣ ልጄ ሀዊ ጋ ምሳ። ኩሽናዋን እያደሰች ነው። ካቢኔቱ ላይ የነበረው ቺፑድ ውሃ ጠጥቶ እንደ ዳቦ አብጧል። ምን ላስነጥፍበት አለች፤ የማይሰነጠቅ፣ ባንድ ጨርቅ ጥርግ የሚል። የምድር ባቡር ኩሽና ውስጥ ላረጀ ሰው ይሄ ምን ጥያቄ ነው? ግራናይት ልል አፌን ስከፍት...

«አባ ዐብዲቃድር ግራናይት ይሻላል ብለዋል» አለች።

አባ? የባሏ የሱፍያን አባት ከመቼ ወዲህ ነው አባ የሆነው? እስካምና አቶ ዐብዲቃድር አልነበረም?

«እብነ በረድ ነው የሚሻለው» አልኩ።

ኅዳር 4
ለምን እንደዚያ አልኩ? እብነ በረድ ኮምጣጣ አይወድም። ሎሚ ጠብ ካለበት አበቃ፤ ወዙ ይሄዳል፣ ጠባሳው ይቀራል። ሀዊ ደግሞ ሁመር፣ ያን ኮምጣጣ የፍሬ መጠጥ፣ ሳትጨምቅ የምትውልበት ቀን የለም።

ግን ያ ሰውዬ... ጢሙን በሂና አቅልቶ፣ በልጄ ወንበር ተንጋሎ፣ የልጅ ልጄን ዩሩብን ትከሻው ላይ ሰቅሎ... የኔ ትከሻ ምን ሆነ?

ኅዳር 6
ሱፍያን ግራናይት ይሁን ብሎ ተከራክሮ ነበር አሉ። ሀዊ እምቢ። «አባቴ ካለ አለ። ዕድሜውን ኩሽና የፈጀ ሰው ነው» አለችው። ደስ አለኝ። ግን ቆራጩ ቅዳሜ ይመጣል። አንዴ ከተቆረጠ መመለስ የለም፣ ልጄ ዕድሜ ልኳን ያንን ጠባሳ ስትፈትግ ትኖራለች።

ዐብዲቃድርስ ምን አለ? ብዬ ጠየቅሁ። «እሳቸው ካሉ እሺ» ብሏል አለችኝ ሀዊ። ቢከራከር ምን አለበት? ጨዋነቱ ነው የሚያቃጥለኝ።

ኅዳር 8
ለናሙና የሰጧትን የእብነ በረድ ቁራጭ ልየው ብዬ ከዚራ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ይዤ መጣሁ። ምሳ ላይ ሁመር አፈሰስኩበት። ጋደም ብዬ ስነሣ ያልኩት ሆኗል፤ ደብዝዟል። በሳሙና አሸሁት። ወይ ፍንክች።

አሁን ምን ልበል? ተሳሳትኩ ልበል? ዐብዲቃድር ፊት? ሞቼ ነው...

ኅዳር 9
ዘዴ አገኘሁ። ጥፋቱ የድንጋዩ ይሁን።

ሁሉም ተቀምጠው ሳለ ሀዊ ቤት ደረስኩ። የድሮው እብነ በረድ ሌላ ነበር አልኩ። የዘንድሮው ልፍስፍስ ነው፤ ይኸው፣ እንዲሁ ተቀምጦ ደበዘዘ። ዐብዲቃድር ቁራጩን ተቀበለኝ። ባውራ ጣቱ ዳሰሰው። አሸተተው። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ።

«አባትሽ እውነቱን ነው» አላት። «የዘንድሮ ድንጋይ አይታመንም። ግራናይት ይሁን።»

ስንመለስ አንድ ባጃጅ ያዝን። ዐብዲቃድር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ወላል» አለኝ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። «ሎሚ ነው ሁመር?»

«ሁመር።»

ባጃጁ እስኪነቃነቅ ሳቀ። እኔም... ምን ላድርግ? ሳቅሁ።

ኅዳር 17
ግራናይቱ ተነጠፈ። ጥቁር፣ ግራጫ ነጠብጣብ ያለበት። ትኩስ ድስት አስቀመጥንበት፤ ምንም። ሁመር ሆን ብዬ ጠብ አደረግሁበት፤ ባንድ ጨርቅ ሄደ። ዐብዲቃድር ድንጋዩ የዘንድሮ ነው የድሮ? አለኝ። የተረፈውን ሁመር ጢምህን እሸው፣ ሂናውን ያስለቅቅልሃል አልኩት። ሀዊ ምን እንደምንባባል አልገባትም። አይግባት።

ኅዳር 24
ዐብዲቃድር ዛሬም ሀዊ ጋ አልመጣም። እንደ ዋዛ ጠየቅኋት። ጅቡቲ ሄዷል፣ ትልቁ ልጁ ጋ፤ ይከርማል አለች። እዚያም እንደ እኔ ያለ አማች አለው አሉ፣ የልጁ ሚስት አባት፣ ሽማግሌ። ማታ ማታ አብረው ነው የሚቀመጡት።

«ጨዋታ ያውቃል?» አልኳት።

«ማን?»

«ያ የጅቡቲው ሰውዬ።»

እኔ ምን አውቄ አባ አለችና ወደ ድስቷ ዞረች።

ቢያውቅም የኔን ያህል አያውቅም... ወይስ ያውቃል?