ድዱን የተነቀሰው እንግዳ

መተማ፣ መጋቢት 5 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፤

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ጭልጋ ላይ ብርዱ ለቀቀ? ላሚቱስ ወለደች? እኔ ከቆላው ሙቀትና ከትንኙ በቀር ምንም አልሆንሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ወረቀት የሚያደርስልዎ ነጋዴው ኸሊል ነው። ኬላው ላይ ጭነቱንም ኪሱንም ስለሚፈትሹት የምጽፈው የጤና ነገር ብቻ ነው። የሚያነብልዎ መሪጌታ ድምፃቸውን ከፍ ያድርጉ፤ የሚደበቅ የለበትም።

ስለ ወንድሜ አልጠይቅም። ለቀን ሥራ ገዳሪፍ ወርዷል ብለው ልከውልኝ ነበር፤ እኔም ለሚጠይቀኝ ሁሉ ገዳሪፍ ነው እላለሁ። እርስዎም እንዲሁ ይበሉ።

ሥራዬ አሁን በጣሊያኖቹ ሕክምና ቤት ዕቃ መቀቀል ነው። ድቁናዬ ለመርፌና ለወረንጦ ሆነ፤ ይሳቁብኝ። ሐኪሙ ሽማግሌ ነው። ወባውና ቁስሉ ተርፎት ሳለ እሱ የሚወደው የድድ በሽታ ነው። የታመመ ድድ ባየ ቁጥር ከጥርሱ ሥር ነጩን እድፍ ይፍቅና በጠብታ ውኃ መስታወት ላይ አድርጎ በማጉያ መነጽር ያየዋል። አንድ ቀን ለእኔም አሳየኝ። እናቴ፣ ነፍስ አላቸው! ገሚሱ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው፣ ገሚሱ እየተጥመለመለ ይሄዳል። በአንድ ሰው ጥርስ ሥር የመተማ ገበያ ሙሉ ይርመሰመሳል። በአስተርጓሚው በኢሳ በኩል እንደነገረኝ፣ ጥርሱ ራሱ ደኅና ነው፤ እነዚህ ግን ድዱን ከጥርሱ ያላቅቁና የተተከለበት አጥንት እንዲያልቅ ያደርጋሉ፤ በኋላ ደኅናው ጥርስ ይወልቃል።

ማክሰኞ ጠዋት ወታደሮቹ የአንድ ሰው ሬሳ በቃሬዛ አመጡ። ጎሕ ሲቀድ በሽንፋ ወንዝ በኩል ተኩስ ነበር። የሚያውቀው ይናገር ተባለ። ባለፈው ወር እንዲሁ ሬሳው የታወቀ ሰው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን የእናቱ ቤት ከነእህሉ ተቃጠለ፤ እሷም የት እንደገባች አልተሰማም። ቀርቤ አየሁት። አላውቀውም አልሁ። ድምፄ ደኅና ነበር።

ሐኪሙ ከንፈሩን ሲገልጠው ድዱ እንደ ሴት ተነቅሷል። ወንድ ተነቅሶ አይቶ ስለማያውቅ የየት አገር ሰው ነው ብሎ ጠየቀኝ። እንጃ አልሁት። የልጅ ድድ እየደማ ሲያስቸግር አንዳንድ እናት ይጠነክርለታል ብላ፣ ወንድም ቢሆን ለነቃሽ ትሰጠዋለች፤ ታላቅ ወንድሙ የልጁን ራስ ጥብቅ አድርጎ ይይዝለታል፤ ከዚያ በኋላ ልጆች ሴት እያሉ ስለሚያበሽቁት እጁን አፉ ላይ ሳያደርግ አይስቅም አልሁት። ብዙ ተናገርሁ። ኢሳ ፊቴን አየና ግማሹን ብቻ ተረጎመ።

ሐኪሙ፣ ጥቁሩ ንቅሳት የድዱን መቅላት ሸሸገው እንጂ አላዳነውም አለ። ይህን ልብዎ ላይ አያኑሩት። ያስነቀሰችው እናት የምታውቀውን አደረገች።

ቀጥሎ ፋቀና ወደ መነጽሩ ጠራኝ። ሰውየው ከሞተ ሰዓታት አልፈውታል፤ እነሱ ግን ይሄዳሉ። ይጋፋሉ፣ ይጥመለመላሉ፣ ሥራ አልፈቱም። ከእሱ የቀረው ሕያው ነገር ያ ብቻ ነበርና ጠብታው እስኪደርቅ ዐይኔን አላነሣሁም። ሐኪሙ ትምህርት ወዳድ ነህ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከዚያ ወዲህ አላለቀስሁም። ወጥ ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። የፈላ ውኃ እጄ ላይ ተደፍቶብኝ ኖሮ መላጡን ያየሁት በማግስቱ ነው። ምን እንደነካኝ እንጃ።

ከኢሳ ጋር ሆነን ከትልቁ የዲዛ ዛፍ ሥር ቀበርነው፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርገነዋል። እርስዎም ለማይታወቅ ሰው ብለው ፀጉርዎን እንዳይላጩ፣ ደረትዎንም እንዳይመቱ፤ ጎረቤት ይጠይቃል።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። በአርባው ቀን ቄሱ ፍትሐት ያድርጉለት። ያለ ክርስትና ስም ፍትሐት አይሆንም፤ የእንግዳውን ስም ደግሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የወንድሜን የክርስትና ስም ያውሱት። እሱ ገዳሪፍ ነውና ለጊዜው አያስፈልገውም።

እመቤታችን ጉልበትዎን ታጽናልዎ፤ ቤትዎንም ከእሳት ትጠብቅልዎ።

ልጅዎ