ክዳኑን ሳልከፍት

ከወጥ ቤታችን፣ ቅዳሜ ጥቅምት 9 ቀን

ለምወድሽ ባለቤቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ንዴት ካልገደለኝ በቀር ደህና ነኝ። አትደንግጪ፣ ይህን የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። የማታ ትምህርት ስምንት ወር ተማርኩ። ከክፍሉ አንደኛ ነኝ፤ ሁለተኛው የሰባ ዓመት ዘበኛ ነው፣ መነጽሩም ተሰብሯል። መምህሯ እንደኔ ያለ ጭንቅላት አይታ አታውቅም። እርግጥ ያለችው “እንዳንተ ያለ ደረቅ” ነው፣ ያው ነው።

ማንበብ ስችል መጀመሪያ ያወጣሁት የዛሬ ሁለት ዓመት የላክሽልኝን ደብዳቤ ነው። ያኔ ያነበበችልኝ እህቴ ናት። “ጎመኑን ከትፈህ ከሊጡ ድቡልቡል ጋር ጣደው ብላሃለች፣ በቃ” አለችኝ። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ሙጫ ስበላ ኖርኩ። ግንበኛ ነኝ፣ ስለ ማጣበቂያ አውቃለሁ፤ በዚያ ድስት ግድግዳ ይቆም ነበር። ጎመን በጤና ይላሉ፤ እኔ ግን ጎመኑም ጤናውም ቀረብኝ።

ለካ የጻፍሽው ሌላ ነው፦ “ጎመኑ በትንሽ እሳት ሁለት ሰዓት ይብሰል። ድቡልቡሉን መጨረሻ ላይ ጣል አድርግና ክዳኑን እንዳትከፍት፤ ትዕግሥት እንደሌለህ አውቃለሁ። ራስህ መጥተህ ከወሰድከኝ እመለሳለሁ።”

ደብዳቤውን ይዤ እህቴ ፊት ቆምኩ። ልብሷን ማጠፍ እንኳ አላቆመችም።

“እሷ ከመጣች እኔ የት ልግባ?” አለችኝ።

የእናቴ ልጅ! ክፍል ብትጠይቀኝ በሁለት ሳምንት ገንብቼ አስረክባት ነበር።

የባሰው ደግሞ ያኔ የላክንልሽ መልስ ነው። እኔ ጻፊልኝ ያልኳት አንድ ቃል ነበር፦ ነይ። እሷ ገጽ ሙሉ ጻፈች። አንድ ቃል እንዲህ ይረዝማል እንዴ ብዬ ተደንቄ አውራ ጣቴን አተምኩበት። “ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?” ብላት እስካሁን አትነግረኝም። እዚያ ላይ ያነበብሽው ሁሉ የእኔ አይደለም፤ የእኔ ጣቱ ብቻ ነው።

ፊደል ቁጠር እያልሽ ስትለምኚኝ “ግንብ ማንበብ አይፈልግም” ያልኩሽም እኔ ነኝ። በዚህኛው ማንን ልቆጣ?

አሁን እንዳልሽው ጎመኑን አብስዬ ድቡልቡሉን ጨምሬያለሁ። ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ እጄ ክዳኑ ላይ እንዳያርፍ ነው። የዛሬ ሳምንት እመጣለሁ፤ የአውቶቡሱን ታፔላ ማንም አያነብልኝም። በሩን ባትከፍቺልኝም ደጅ መቀመጥ ተምሬያለሁ።

እስክመጣ ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ልብሽንም ያራራልኝ።

በጣቱ ሳይሆን በእጁ የፈረመው ባልሽ

አሁን ክዳኑን ከፈትኩት። ድቡልቡሉ አልፈረሰም።