ከአውራ ጣት በማትበልጥ ዕቃ ስለ መታሰሬ

ለተከበሩ አቶ ሰውአገኝ
የማሠልጠኛ ማዕከላችን ኃላፊ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ ለእርስዎ ጤና፣ ለመላው ቤተሰብዎም ሰላም እመኛለሁ፤ የእኔ ቤተሰብ አዲ አርቃይ ስላለ ደኅንነቱን የምሰማው በስልክ ብቻ ነው።

የማዕከሉን ሁለት ሕንፃዎች የሚያገናኘው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራው ሰርቨራችን መሆኑን፣ ጠባቂውም እኔ መሆኔን ያውቃሉ። ሰርቨሩ አንድ የኬብል ቀዳዳ ብቻ ስላለው ሁለተኛውን መስመር የምናስገባው በዩኤስቢ በምትሰካ፣ ከአውራ ጣት በማትበልጥ የኔትወርክ ካርድ ነው፤ ሁለቱን መስመሮች የሚያገጣጥማቸውም ብሪጅ የምንለው በሰርቨሩ ውስጥ ያለ ድልድይ ነው። እንግዲህ ስላደረጉልኝ ሁሉ ላመስግንዎ።

አንደኛ፣ ካርዷ የምትነቀል በመሆኗ ተንቀሳቃሽ ንብረት ተብላ በስሜ ወጪ እንድትሆን፣ ማታ ማታም ነቅዬ እንድቆልፍባት ስላዘዙ። ሌባ እስካሁን አልደፈራትም፤ ድልድዩ ግን በየማታው ይቆረጣል፣ እኔም በየጠዋቱ ካርዷን ሰክቼ፣ ትእዛዝ ጽፌ እቀጥለዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ካርዷ በተሰካች ቁጥር ሰርቨሩ ራሱ አውቋት ወደ ድልድዩ እንዲያስገባት ጥቂት መስመር ልጻፍ ብዬ ባመለክት፣ የሚሠራ ነገር አይነካም ብለው ስለ ከለከሉኝ። በእርግጥም ይሠራል፤ የሚሠራው እኔ ስላለሁ ነው።

ሦስተኛው ግን አንጀቴን አሳርሮታል። ሐሙስ ልጄ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ትነሣለች። ባለቤቴ ይመኙሽ የወለደችው አዲ አርቃይ እናቷ ዘንድ ነው፤ ልጄን እስካሁን በፎቶ እንጂ በዓይኔ አላየኋትም። ፈቃድ ብጠይቅዎ፣ ለተመሳሳይ ባለሙያ ሳላስረክብ ከካርዷ መለየት እንደማልችል መመሪያ ጠቅሰው በትሕትና አስረዱኝ። ማዕከሉ ተመሳሳይ ባለሙያ የለውም፤ ይቀጠር ብዬ ባመለክትም አንተ እያለህ ምን ያደርጋል ተባልኩ። ካርዷስ ማታ ማታ ትነቀላለች፤ እኔ የምነቀልበት መንገድ ጠፋኝ። አማቴ፣ ምነው አባትየው ታስሮ ነው ወይ ብለው አስጠይቀውኛል፤ አዎን ለማለት ጥቂት ነው የቀረኝ።

ለንብረት እንዲህ ለሚሳሱት ክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና የማይነቀል ወንበር እየተመኘሁ፣ ከሰርቨሩ ክፍል ሳልወጣ እጅ እነሣለሁ።

ልዑልቃል ወልደኢየሱስ
የኔትወርክ ባለሙያ፣ የአንዲት ካርድ ባለአደራ

ማሳሰቢያ፦ መመሪያውን ደግሜ አነበብኩት። ከካርዷ እንዳልለይ ይላል እንጂ ይዣት እንዳልሄድ አይልም። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት የቢሮዎ ኮምፒውተር ኔትወርክ ቢያጣ አይደንግጡ፤ ንብረትዎ አዲ አርቃይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በባለአደራው የደረት ኪስ ተቆልፎበት ይገኛል። እዚያ ያደረግኋት ልጄን የማቅፍባቸው ሁለቱም እጆቼ ነጻ እንዲሆኑ ነው።